የመጀመሪያ ዲኤስኤልአር ካሜራ ስትገዙ፦ ከምርጫ እስከ ፍተሻ

"ፎቶ ማንሳት ልጀምር ነው፤ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?" በቴሌግራም እጠየቃለሁ፣ በስልክ እጠየቃለሁ፣ ሠርግ ላይ ሥራ ይዤም እጠየቃለሁ። ቆሞ ለሁሉም ማስረዳት ስለማይቻል መልሱን በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ከጠያቂዎቼ አብዛኞቹ የሚገዙት አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀየር፣ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ነው፤ መመሪያውም ለእነሱ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለውን አንብባችሁ ላኩለት።

ዋጋ አልጻፍኩም። የካሜራ ዋጋ ከዶላር ምንዛሪ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። የሰሞኑን ዋጋ ለማወቅ አንድ ሞዴል መርጣችሁ ቢያንስ ሦስት ሻጮች ጠይቁ።

ለመግዛት ስትሄዱ የምትይዙት

- ባዶ ኤስዲ ሚሞሪ ካርድ፣ የራሳችሁ
- ነጭ ወረቀትና ትናንሽ ጽሑፍ ያለበት ጋዜጣ
- ጥሩ ባትሪ ያለው የእጅ መብራት ያለው ስልክ
- ላፕቶፕ፣ የዩኤስቢ ገመድና የካርድ ማንበቢያ (ከሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ)
- መታወቂያ፣ እስክሪቢቶና ውል የሚጻፍበት ወረቀት
- አንድ ሰው። ለምስክርነትም ይሆናል፣ እናንተ ካሜራው ሲያጓጓችሁ "ቆይ" የሚላችሁም ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምታነሱ ወስኑ

ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ካሜራ ሁሉ ፎቶ ያነሳል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ሥራው ላይ ነው። ከእነዚህ ዋናችሁ የቱ ነው?

- ሰው፦ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ልደት፣ ሠርግ
- ዕቃ፦ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ የሚሸጥ ልብስ፣ ጫማ፣ ምግብ
- ቪዲዮ፦ ቃለ ምልልስ፣ ዩቲዩብ
- ጉዞና የአደባባይ በዓል፦ ጥምቀት፣ መስቀል፣ መልክዓ ምድር

አንዱን ብቻ ምረጡ። ቪዲዮ የሚቀድመው ሰው የማይክ ቀዳዳ የሌለው ካሜራ ከገዛ በወሩ ይሸጠዋል። ዕቃ ብቻ የሚያነሳ ደግሞ ቪዲዮ ላይ ለሚጎብዝ ካሜራ ትርፍ መክፈል የለበትም።

ደረጃ 2፦ ገንዘባችሁን ከፋፍሉ

ያላችሁን ሁሉ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻ) ላይ አትጨርሱ። ለቦዲው ከግማሽ እስከ ስልሳ በመቶ መድቡ። ቀሪው ለሌንስ፣ ለሁለተኛ ባትሪ፣ ለሚሞሪና ለቦርሳ ነው። ቦዲ ዓመት በዓመት ዋጋው ይወርዳል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ቦዲ ብትቀይሩም አብሯችሁ ይቀጥላል። የፎቶውን መልክ በብዛት የሚወስነውም ሌንሱና ብርሃኑ ነው።

"ለምን ሚረርለስ አልገዛም?" የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ሚረርለስ ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ግዙ፣ ጥሩ ነው። በትንሽ ገንዘብ ለሚጀምር ግን ያገለገለ ዲኤስኤልአር ይሻላል፤ ሌንሱም ባትሪውም በቀላሉ ይገኛል። ባትሪውም ይበረክታል። ካኖን 250ዲ በቪውፋይንደር (ዓይን አስጠግቶ በሚታይበት ቀዳዳ) ሲነሳበት በአንድ ቻርጅ ወደ 1,070 ፎቶ፣ ኒኮን ዲ3500 ደግሞ ወደ 1,550 ፎቶ ያነሳሉ ተብለው ተለክተዋል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ ሞዴል ምረጡ

መጀመሪያ ጓደኞቻችሁ ምን እንደያዙ እዩ። አብሯችሁ የሚሠራው ሰው ካኖን ከያዘ ካኖን ግዙ። ሌንስና ቻርጀር ትዋሳላችሁ። በጥራት ደረጃ ካኖንም ኒኮንም ለጀማሪ ይበቃሉ።

ካኖን፦

- 600ዲ እና 700ዲ። የቆዩ ናቸው፤ ግን ስክሪናቸው ይገለበጣል፣ የማይክ ቀዳዳ አላቸው። 600ዲ ቪዲዮ እየቀረጸ ፎከስ (የምስሉን መጥራት) አይከተልም፤ በእጅ ማስተካከል አለባችሁ።
- 200ዲ እና 250ዲ። ቪዲዮ ለሚቀድመው የምመክረው እነዚህን ነው። በቪዲዮ ጊዜ ፊት ተከትለው ፎከስ ያደርጋሉ፣ ማይክ ይቀበላሉ፣ ቀላል ናቸው። 250ዲ 4ኬ (ከፉል ኤችዲ የጠራ ቪዲዮ) ቢኖረውም በ4ኬ ላይ ፎከሱ ስለሚዳከም ፉል ኤችዲ ተጠቀሙ።
- 1300ዲ፣ 2000ዲ እና 4000ዲ። ለፎቶ ይሆናሉ፤ የማይክ ቀዳዳ ግን የላቸውም። 4000ዲ ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበት እንኳ ፕላስቲክ ነው። ከተቻለ እለፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ 250ዲ፣ 2000ዲ እና 4000ዲ ላይ ፍላሽ በሚሰካበት ቦታ መሐሉ ላይ ያለው ነጥብ የለም። ስለዚህ ርካሽ የስቱዲዮ ፍላሽ ማስነሻዎች አይሠሩባቸውም። ለካኖን ተብሎ የተሠራ ያስፈልጋል። የስቱዲዮ ሥራ የምታስቡ ከሆነ ይህን ሳታዩ አትግዙ።

ኒኮን፦

- ዲ3200 እና ዲ3300 የማይክ ቀዳዳ አላቸው። አዲሶቹ ዲ3400 እና ዲ3500 ላይ ግን ተነስቷል። አዲስ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም።
- ዲ5300 እና ዲ5600 ስክሪናቸው ይገለበጣል፣ ማይክም ይቀበላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ የኒኮን ቦዲዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። "ኤኤፍ-ዲ" የተጻፈበት አሮጌ ሌንስ ከገዛችሁ በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ "ኤኤፍ-ኤስ" ፈልጉ። "ኤኤፍ-ፒ" የሚለው አዲሱ ሌንስ ደግሞ ዲ3200 ላይ በእጅ እንኳ ፎከስ አያደርግም። አንዳንድ ሻጭ ሁለቱን አጣምሮ ይሸጣል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ሌንሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

አንድ የስም ነገር። ከአሜሪካ የመጣ ካኖን ሌላ ስም ተጽፎበታል። ሪበል ቲ3አይ ማለት 600ዲ ነው። ቲ5አይ 700ዲ፣ ኤስኤል2 200ዲ፣ ኤስኤል3 250ዲ፣ ቲ7 ደግሞ 2000ዲ ነው። ከጃፓን የመጣው "ኪስ" ይላል፤ ኪስ ኤክስ5 600ዲ ነው፣ ኪስ ኤክስ7አይ 700ዲ። "ይሄ ለየት ያለ ሞዴል ነው" ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ካለ ይህን አስታውሱ። የአሜሪካው ቻርጀር እኛ ጋ አይቃጠልም፤ ጀርባው ላይ 100-240 ቮልት መባሉን አረጋግጡና የሶኬት አስማሚ ብቻ ግዙ።

ደረጃ 4፦ ሌንሱን ከቦዲው እኩል አስቡበት

ከቦዲው ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው 18-55 ሚሜ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ፣ ሲጨምር አቅርቦ ያሳያል)። አትናቁት። ለቡድን ፎቶ፣ ለጠባብ ሳሎንና ለመልክዓ ምድር ይሆናል። ካኖን ከሆነ "አይኤስ" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ፤ የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል። ጽሑፉ የሌለበትም አለ፤ መልኩ አንድ ስለሆነ ያሳስታል።

ሁለተኛ ሌንስ የምትጨምሩ ከሆነ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ግዙ። ምክንያቱ ብርሃን ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ በሰፊው ይከፈታል። 18-55 እስከ 55 ሲሳብ የሚከፍተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው። ኤፍ 1.8 ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ማታ አዳራሽ ውስጥ ወይም በሻማ ብርሃን ይህ ልዩነት ፎቶው መውጣትና አለመውጣት ነው። ከሰው ኋላ ያለው ደብዝዞ የሚታይበት ፎቶም በብዛት በእንዲህ ዓይነቱ ሌንስ የተነሳ ነው።

ግን እወቁት፦ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 50 ሚሜ ወደ 80 ሚሜ ያህል ሆኖ ይታያል። ሳሎን ውስጥ ቤተሰብ ሰብስባችሁ ልታነሱበት ብትሞክሩ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ክፍል ውስጥ ብዙ የምትሠሩ ከሆነ ለካኖን 24 ሚሜ ኤፍ 2.8፣ ለኒኮን 35 ሚሜ ኤፍ 1.8 ይሻላችኋል። ለጥምቀትና ለመስቀል ከሩቅ ለማንሳት 55-250 (ኒኮን 55-200 ወይም 70-300) ጥሩ ነው፤ ግን ለቀን ብርሃን ብቻ።

ደረጃ 5፦ ሻጩን አግኙ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሱቅ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ችግር ቢመጣ ግን ተመልሳችሁ የምትሄዱበት በር አለ። ሌላው በቴሌግራም ቻናልና በኦንላይን ገበያ ከግለሰብ መግዛት ነው። ርካሽ ነው፤ ፍተሻው ግን ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።

ከግለሰብ ከሆነ በቀን፣ ሰው ባለበት ካፌ ተገናኙ። ሶኬት ያለው ጠረጴዛና ደጅ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልጋችኋል፤ ፍተሻው ሁለቱንም ይፈልጋል። "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብድ በቴሌብር ላክ" ካላችሁ ይውሰደው። ዕቃውን ሳታዩ አንድ ብር አትላኩ።

ደረጃ 6፦ ፈትሹ

ሙሉው ፍተሻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሻጩ "ቸኩያለሁ" ካለ ሌላ ቀን ቅጠሩት። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ቶሎ የሚታየው ችግር ቀድሞ ከታየ ድካም ይቀራል።

1. ውጪውን እዩ። ከታች ያሉትን ብሎኖች ጭንቅላት ተመልከቱ። ከተፋቁ ካሜራው ተፈቷል። ለምን እንደተፈታ ጠይቁ። ከታች ያለው ሲሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የባትሪውን ክፍል ከፍታችሁ ዝገት ወይም ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ካለ እዩ፤ ውሃ የገባበት ካሜራ ምልክቱ እዚያ ይቀራል።

2. የራሳችሁን ካርድ አስገብታችሁ ፎርማት አድርጉ። ካሜራው ካርድ ማንበብም መጻፍም እንደሚችል በዚሁ ታውቃላችሁ።

3. ሜኑ ውስጥ የኮፒራይት መረጃ የሚል ካለ ክፈቱ። አንዳንድ ባለቤት ስሙን እዚያ ያስገባል። የሻጩ ካልሆነ ስም ካገኛችሁ ከማን እንደገዛው ጠይቁ። መልሱ ካልጣማችሁ ተነሱ፤ የተሰረቀ ዕቃ መዘዙ ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል።

4. ሴንሰሩን ፈትሹ። የላይኛውን መምረጫ ኤቪ (ኒኮን ኤ) ላይ አድርጉ፣ ኤፍ 22፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100። የሌንሱን ፎከስ ወደ እጅ ቀይራችሁ አደብዝዙት። ነጩን ወረቀት ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፤ ቆሻሻው ያለው ሴንሰሩ ላይ ስለሆነ እሱ አይንቀሳቀስም። ፎቶውን አጉልታችሁ ከዳር እስከ ዳር እዩት። ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፤ ይጸዳል፣ ዋጋ ማስቀነሻም ይሆናል። ቀጥ ያለ ጭረት ከሆነ ግን አይጸዳም፤ ተዉት።

   ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ግጠሙና በ1/60 ሰከንድ፣ በአይኤስኦ 400 አንድ ፎቶ አንሱ። ጥቁር መሆን ያለበት ፎቶ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነጥቦች ከበዙ ሴንሰሩ ደክሟል።

5. ሻተሩን (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ፈትሹ። ደጅ ውጡ። መምረጫውን ቲቪ (ኒኮን ኤስ) ላይ፣ ፍጥነቱን 1/4000 ሰከንድ አድርጉና ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ደጋግማችሁ አንሱ። ከላይ ወይም ከታች ጥቁር ጥላ ከታየ ሻተሩ እየዘገየ ነው፤ ሊሞት የቀረበ ነው። ይህን ፍተሻ አምፖል ሥር አታድርጉ። የአምፖሉ ብርሃን ራሱ ስለሚርገበገብ ጤነኛ ካሜራ ላይም መስመር ያሳያችኋል። ካኖን ላይ ስክሪኑ "ኤረር 30" ካለ የሻተር ችግር ነው፤ "ኤረር 01" ካለ ቦዲውና ሌንሱ አልተነጋገሩም፣ መገናኛ ነጥቦቹን በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ጠርጋችሁ ድጋሚ ሞክሩ።

6. ሻተር ካውንት እዩ። ሻተሩ ስንቴ እንደሠራ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ከመኪና ኪሎሜትር ጋር አንድ ነው። ለጀማሪ ተብለው የተሠሩ ካሜራዎች በአብዛኛው እስከ 100,000 አካባቢ እንዲሠሩ ይታሰባል። አልፎ የሚሠራም አለ፤ ሳይደርስ የሚሞትም አለ። የኒኮን ፎቶ ቁጥሩን በፋይሉ ውስጥ ይይዛል። ሻጩ አስቀድሞ እንዲልክላችሁ ከጠየቃችሁ በቴሌግራም "ፋይል" አድርጎ ይላከው። እንደ ፎቶ ከተላከ መረጃው ይጠፋል። ካኖን ፎቶው ላይ አይጽፈውም፤ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝቶ በሶፍትዌር ይታያል። "ፎቶው ቁጥር 1,200 ላይ ነው ያለው" የሚል ማስረጃ አትቀበሉ፤ የፋይሉ ቁጥር 9999 ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

7. ፎከሱን ፈትሹ። ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ከጎን አዘንብላችሁ መሐል ያለ አንድ ቃል ላይ፣ በመሐለኛው የፎከስ ነጥብ፣ በቪውፋይንደር እያያችሁ ፎከስ አድርጉ። የጠራው የመረጣችሁት ቃል መሆን አለበት። ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው መስመር ከጠራ ፎከሱ ተንሸራቷል። ከላይ የጠቀስኳቸው ካሜራዎች ይህን ከሜኑ ማስተካከል አይችሉም፤ ባለሙያ ጋ መሄድ ይጠይቃል።

8. ሌንሱን በመብራት እዩ። ሌንሱን ከቦዲው አውጡ። የተጠመደበት ፊልተር ካለ ፍቱት፤ ጭረት ከሥሩ ይደበቃል። የስልኩን መብራት ከአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል ተመልከቱ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው። ሌንሱን አትግዙ፤ እየሰፋ ይሄዳል። ዙሙን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ አሸዋ ያለ ይመስል ካንቋረረ ወድቆ ያውቃል።

9. ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። ሻተር ቁልፉ አጠገብ ያለውን ተሽከርካሪ በዝግታ አዙሩ፤ ቁጥሩ እየዘለለ ወይም ወደኋላ እየተመለሰ ከሄደ አልቋል። የሚገለበጥ ስክሪን ከሆነ በርቶ እያለ ሙሉ ዙር አገላብጡት፤ ብልጭ ድርግም ካለ ገመዱ ተጎድቷል። የራሱን ፍላሽ አስነሱት።

10. ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። እያወራችሁ ቅረጹና ድምፁን አዳምጡ። ማይክ ካላችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ።

ባትሪውም ኦሪጅናል መሆኑን ጠይቁ፤ ካልሆነ ዋጋ ላይ ተነጋገሩበት። 600ዲ እና 700ዲ ኤልፒ-ኢ8፣ 200ዲ እና 250ዲ ኤልፒ-ኢ17፣ 1300ዲ፣ 2000ዲ እና 4000ዲ ኤልፒ-ኢ10 ይጠቀማሉ። የጠቀስኳቸው ኒኮኖች ሁሉ ኢኤን-ኢኤል14 ወይም 14ኤ ነው።

ደረጃ 7፦ ውል ጻፉና ክፈሉ

አጭር ወረቀት ይበቃል። የሁለታችሁ ስምና ስልክ፣ የካሜራው ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥር፣ አብረው የተሰጡ ዕቃዎች፣ ዋጋ፣ ቀን፣ ፊርማ፣ የምስክር ስም። የሻጩን መታወቂያ ፎቶ አንሱ። "በሦስት ቀን ውስጥ ችግር ካሳየ ይመለሳል" የሚል መስመር አስገቡ። የማይፈርም ሻጭ አንድ ነገር ያውቃል ማለት ነው። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጉት፤ ማስረጃ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ ሦስቱን ቀን ተጠቀሙባቸው

ቤት ከገባ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት። ባትሪው እስኪያልቅ አንሱበት፣ ካርዱ እስኪሞላ ቅረጹበት። አስመስሎ የተሠራ ካርድ በብዛት አለ፤ 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት በጥቂት ጊጋ ሊሞላ ይችላል፣ ያኔ ያነሳችሁት ይጠፋል። ሠርግ ላይ ከምታውቁት ቤት እወቁት።

ሜኑ ውስጥ የቪዲዮውን ሥርዓት ፓል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም አድርጉ። ሻተሩን 1/50። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ ካልሆነ የክፍል ቪዲዮ ይርገበገባል። ከአሜሪካ የመጡ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) ላይ ስለሆኑ ይህን ቀይሩ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

*ሜጋፒክስል ማሳደድ።* 18 ሜጋፒክስል ያለው 600ዲ ለትልቅ አልበም ይበቃል። በሜጋፒክስል ልዩነት ብቻ ዋጋ አትጨምሩ።

*በፉል ፍሬም መጀመር።* ፉል ፍሬም ማለት ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው። "5ዲ ማርክ 2 በርካሽ አገኘሁ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሠርግ ሲሠራበት የኖረ ከሆነ ሻተሩ ደክሟል። "ኢኤፍ-ኤስ" የሚሉት ርካሽ ሌንሶችም አይገጥሙለትም። ሌንስ መግዣ ሳይኖራችሁ አትግቡበት።

*በዕቃ ብዛት መታለል።* ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዱ "ዋይድ" እና "ቴሌ" መስታወቶች፣ ሦስት ዓይነት ፊልተር፣ ትንሽ የጠረጴዛ ትራይፖድ። ጥቅሉን ያሳምሩታል፤ መስታወቶቹ ግን ፎቶውን ያደበዝዛሉ። ዋጋቸውን ዜሮ ብላችሁ አስሉና ከዚያ ተከራከሩ።

*በሸሚዝ መጥረግና በአፍ መንፋት።* ምራቅ ይረጫል፤ አቧራው ደግሞ መስታወቱን ይጭራል። የእጅ ንፊያ ጎማና የሌንስ ጨርቅ ግዙ። ውስጥ ያለውን መስታወትና ሴንሰር ግን ራሳችሁ አትንኩ።

*በክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ።* ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ከጨለማ ጋር ፈንገስ ያበቅላል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምታገኙትን ደረቅ ሲሊካ ከረጢት ጨምራችሁ አስቀምጡ። በሳምንት አንዴ አውጥታችሁ ጥቂት ፎቶ አንሱበት።